ስለ አየር ማጣሪያ፤ ትንሽ ዕቃን ቸል ማለት ስለሚያስከትለው ኪሳራ



በዚህ ሳምንታዊ የንግድ ገጽ ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ዋጋ ነው። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ጉዳዮች ስለ ሆኑ ቅድሚያ ቢሰጣቸው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የነጋዴን ኪስ የሚያጎድለው ሁልጊዜ ታላቁ ነገር ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳያየው በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚያፈስ ቀዳዳም አለ። እኔ ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት ከእነዚህ ቀዳዳዎች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም በየሱቃችን፣ በየቢሮአችንና በየመኖሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚገኘው ማጣሪያ፣ በተለምዶ ፊልትሮ ስለምንለው ዕቃ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ የአየር ማቀዝቀዣ ለድሬዳዋና ለሰመራ እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ነፋሷ ቀዝቃዛ ነው፤ አባቶቻችንም በጭቃና በድንጋይ ቤት ሲኖሩ ማቀዝቀዣ አላስፈለጋቸውም። ነገር ግን ዛሬ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና እስከ አያት የተሠሩት ሕንፃዎች ፊታቸው መስተዋት ነው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስተዋቱ ገብታ በክፍሉ ውስጥ ትታሰራለች፤ መስኮቱም ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ ቢከፈትም የሚገባው የመንገድ አቧራና የመኪና ጭስ ነው። ስለዚህ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በእንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ የቆመ ሰው ራሱን በደጋ ሳይሆን በቆላ ያለ ያህል ይቈጥራል። ደጋ የሆነችውን ከተማ በገዛ እጃችን ቆላ ካደረግናት በኋላ ቅዝቃዜን ከውጭ አገር በዶላር እናስመጣለን ማለት ነው።

አሁን በእኔ መሥሪያ ቤት የደረሰውን ልናገር። እኔ በቦሌ አካባቢ የውበት መጠበቂያና የጣፋጭ ሸቀጥ ከውጭ ለሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። የመደብራችን ፊት ወደ ምዕራብ ስለ ሆነ ቸኮላቱ እንዳይለሰልስ፣ የከንፈር ቀለሙም ቅርጹን እንዳያጣ ሲባል የአየር ማቀዝቀዣ ከተገጠመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ባለፈው መጋቢት ወር መሣሪያው ማቀዝቀዙን እየቀነሰ መጣ፤ ቀጥሎም በውስጡ በረዶ ተጋግሮ ውኃው በካርቶኖቹ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የተጠራው ባለሙያ በረዶውን አይቶ «ጋዙ ጎድሏል» አለና ጋዝ ሞልቶ ገንዘቡን ተቀበለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው በረዶ ተመለሰ፤ ባለሙያውም ሁለተኛ ሞላ፤ ሁለተኛም ተከፈለው። በሦስተኛው ጊዜ «ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፤ አዲስ መግዛት ይሻላል» ብሎ ስለ ነገረን አለቃዬ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ እንድሰበስብ አዘዙኝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ስለ ተደረገና ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለ ሆነ፣ የተሰበሰበው ዋጋ ለአለቃዬ እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረም።

በዚህ መካከል የጽዳት ሠራተኛችን፣ በዕድሜም እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት፣ የፈሰሰውን ውኃ ሲጠርጉ ቀና ብለው መሣሪያውን ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ ነገር ታጥቦ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መሰላል ይዤላቸው ወጡ፤ የፊቱን ክዳን ሲያነሡት ማጣሪያው በአቧራና በጥጥ ብናኝ ተሸፍኖ እንደ ባና ወፍሮ ተገኘ። ያን ዕለት በለብታ ውኃ ታጠበ፤ በጥላ ደረቀ፤ ተመልሶም ገባ። ከዚያ በኋላ በረዶ አልታየም። ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ከልክ በላይ የተሞላውን ጋዝ ካስተካከለው በኋላ መሣሪያው እነሆ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ፕሮፎርማዎቹም በፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ባለሙያው ብቻ አይደለም። የመሣሪያው መመሪያ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር በእኔ መሳቢያ ውስጥ፣ በእኔ እጅ ቍጥር ተሰጥቶት፣ በሚገባ ተደራጅቶ ተቀምጦ ነበር። በሁለት የውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንዱን ማንበብ እችላለሁ፤ ግን አላነበብሁትም። ወረቀት በሥርዓት ማስቀመጥ ሥራዬ ስለ ሆነ፣ ማስቀመጥን ከማወቅ ጋር አንድ አድርጌ ቈጥሬው ነበር። በብዙ መሥሪያ ቤት ያለው ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማስረዳት ይጠቅማል። የአየር ማቀዝቀዣ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር አምጥቶ የሚያስገባ አይደለም፤ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት የክፍሉን አየር በማራገቢያ ስቦ፣ በማጣሪያው አሳልፎ፣ በቀዘቀዙ ቧንቧዎች ላይ አዙሮ ይመልሰዋል። ማጣሪያው በተደፈነ ጊዜ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ቧንቧዎቹ ሙቀት ስለማያገኙ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳሉ፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም በላያቸው በረዶ ይሆናል። በረዶው ደግሞ የቀረውን የአየር መንገድ ይዘጋል። ይህ ሲቀጥል ተን መሆን የነበረበት ጋዝ ፈሳሽ እንደ ሆነ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ሊሰብረው ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጋዝ ሲጎድልም እንዲሁ በረዶ መታየቱ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ምልክታቸው አንድ ስለ ሆነ፣ ማጣሪያውን ሳያይ ጋዝ የሚሞላ ሰው ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰው ነው። ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ አይደለም፤ ጎደለ ከተባለ የፈሰሰበት ቀዳዳ መገኘት አለበት። ቀዳዳውን ሳይፈልግ በየጊዜው የሚሞላ ሰው ቢመጣ፣ ባለሱቁ «ከየት ፈሰሰ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

የእኛ ከተማ ከፍታም ነገሩን ያከብደዋል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሳሳ ያለ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ተለክቶ የተጻፈለትን ኃይል እዚህ ሙሉ በሙሉ የማይሰጥ መሣሪያ፣ በዚያ ላይ አፍንጫው ሲታፈን ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አቧራውስ? የምሥራቁ የከተማ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሲገነባ የኖረ ነው። በሰሚት፣ በጎሮ፣ በቦሌ አራብሳና በቦሌ ቡልቡላ ቤት ሲሠራ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማት ሥራ ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው መንገድና በሌሎችም ሲካሄድ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ሲሚንቶው ተበትኗል። መንገዱ ለሁላችንም የሚጠቅም ነው፤ በሥራው ጊዜ ግን ብናኙ ያረፈው በመደርደሪያችንና በማጣሪያችን ላይ ነው። በዚህ ላይ በየሱቁ የሚፈላው የቡና ጢስና የሚጨሰው ዕጣን አለ። ይህ ደስ የሚል ባህላችን ስለ ሆነ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን የዕጣን ጢስ ቅባትነት ስላለው በማጣሪያው ላይ ተለጥፎ አቧራውን እንደ ሙጫ እንደሚይዝ ማወቅ ይገባል። መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው ጄኔሬተርም የራሱ የአየር ማጣሪያ አለው፤ እርሱ ሲደፈን ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ናፍጣ ያባክናል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ የተደፈነን ማጣሪያ በንጹሕ መተካት የአየር ማቀዝቀዣው የሚበላውን ኃይል ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ሱቅ አንድ ኪሎዋት ተኩል የሚበላ መሣሪያ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢያሠራ በወሩ 312 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መካከለኛውን አሥር በመቶ ብንወስድ በወር 31፣ ክረምቱን ትተን በዘጠኝ ወር 280 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ይጠፋል። አምስት መሣሪያ ያለው ሰው በአምስት ያባዛው። የኤሌክትሪክ ዋጋም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለ ተወሰነ ጥፋቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለሁላችንም ኩራት ነው፤ ግን ሕዝብ በአስተዋጽኦው የሠራውን ግድብ ኃይል በአቧራ ማባከን ለኩራታችን የሚስማማ አይደለም።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሰው ጤና አለ። ገንዘብ ተቀባያችን ከዚያ ማሽን ሥር የምትቀመጥ ወጣት ናት፤ አስምም አለባት። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ከሥራ ቀርታለች። ምክንያቱ ማጣሪያው ብቻ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁምና። ነገር ግን ሻጋታና አቧራ የያዘ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ በራሷ ላይ ሲተነፍስባት እንደ ነበር በዐይኔ አይቻለሁ። ዕቃውን ከሙቀት ስናድን ዕቃውን የምትሸጥልንን ሰው ረስተናት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ይህ ልክ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ ብናኙን በየዕለቱ የምንጠርግ እናውቀዋለን።

በዚህ አንጻር ማጣሪያ የማይሠራውንም መናገር ግዴታ ነው። በተለመደው የግድግዳ መሣሪያ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መረብ ፀጉርን፣ የጥጥ ብናኝንና ሻካራ አቧራን ይይዛል እንጂ ደቃቁን ጭስ አይይዝም። የከሰል ጋዝ ደግሞ በማናቸውም የአቧራ ማጣሪያ ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ «ማሽኑ ያጣራዋል» ብሎ የሚተኛ ሰው ቢኖር ሕይወቱን ያጣል። ለብርድም ቢሆን ለሙቀት፣ ንጹሕ አየር ሊገባበት የሚችል መስኮት በማጣሪያ አይተካም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔን አሳብ ለሦስት ወገን ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አስመጪዎች። መሣሪያውን በኮንቴይነር ስናስመጣ መለዋወጫ ማጣሪያውን ማዘዝ እንረሳለን፤ ብዙ ጊዜም ትርፉ ትንሽ ስለ ሆነ እንንቀዋለን። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር ቢያንስ አንድ ትርፍ ማጣሪያና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ቢሰጥ የሚጨምረው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። በሆቴሎችና በትልልቅ ሕንፃዎች ጣራ ላይ ለሚተከለው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ የሚሆነው የወረቀት ወይም የጨርቅ ማጣሪያ ግን የሚታጠብ ሳይሆን የሚጣል ነው፤ እንደ አቧራው መጠን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ መለወጥ አለበት። እርሱም ሲታዘዝ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተለክቶ፣ የማጥራት ደረጃውም ታውቆ ሊሆን ይገባል። «ሜርቭ» የሚባለው የደረጃ ቍጥር ከፍ ባለ መጠን ደቃቅ ብናኝ ይይዛል፤ ነገር ግን ማራገቢያው ደካማ ከሆነ እጅግ ጥብቅ ማጣሪያ ራሱ ትንፋሽ ይዘጋል። ስለዚህ ውድ የሆነው ሁሉ ለሁሉ አይስማማም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎችን የምታስመጡም ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለ መኪና የሞተር ዘይት ማጣሪያ ባይኖረውም ለተሳፋሪው የሚሆን የአየር ማጣሪያ ግን አለው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተከለከለ ይህ ገበያ እያደገ የሚሄድ ነው።

ሁለተኛ፤ ባለሱቆችና ላኪዎች። የታጠበበትንና የተለወጠበትን ቀን በመዝገብ ጻፉ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ግንባታ ባለበት ሰፈር በየሳምንቱ ይታይ። መጀመሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ሥር ካለው ማብሪያ ይጥፋ፤ መረቡ ተስቦ ይውጣ፤ ከጀርባው በኩል በለብታ ውኃ ይታጠብ፤ የፈላ ውኃም ቤንዚንም በረኪናም አይንካው፤ በጥላ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ይመለስ። እርጥቡን መመለስ ሻጋታ መዝራት ነው። ሰኔ ሲገባ መሣሪያውን የምታሳርፉ ከመዝጋታችሁ በፊት አጥባችሁ አድርቁ፤ ከመስከረም በኋላ ስትከፍቱም እንደገና እዩት። አበባ የምትልኩ ነጋዴዎች ደግሞ በቀዝቃዛ ክፍላችሁ ውጭ ያለው የሙቀት ማስወጫ ክንፍ በአቧራ እንዳይደፈን ተጠንቀቁ፤ ከእርሻ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ በብርድ ተጠብቆ የመጣ አበባ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል። መሰላሉን የሚወጣው የጽዳት ሠራተኛ ስለ ሆነም ጠንካራ መሰላልና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጠው፤ ይህም ሥራ ሥራ ተብሎ ይቈጠርለት። የእኛን መሥሪያ ቤት ከአዲስ ግዢ ያዳኑት እናት ምስጋናውን ያገኙት ዘግይቶ ነው፤ ግን አግኝተውታል፤ አለቃዬም በደመወዛቸው ላይ ጥቂት ጨምረውላቸዋል።

ሦስተኛ፤ የንግድ ምክር ቤታችን። በከተማው የተለመዱትን የማጣሪያ ልኮች ዝርዝር አዘጋጅቶ ለአባላት ቢያድል፣ ለየድርጅቱም አንድ ሰው የግማሽ ቀን ትምህርት እንዲያገኝ ቢያደርግ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ልኩ ከታወቀ ብዙ አስመጪዎች ተባብረው በአንድ ማዘዝ ይችላሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። የሚታጠበውን መረብና ክፈፉን በአገር ውስጥ መሥራት የሚችል የፕላስቲክና የጨርቅ ፋብሪካ ሊኖር ስለሚችልም ለእርሱ ገበያውን ማሳየት ይቻላል።

አንድ ወዳጄ ነጋዴ ይህን አሳቤን ሰምቶ «ሁሉ ሰው ማጣሪያውን ካጠበ አዲሱን መሣሪያ ማን ይገዛናል?» አለኝ። በቀልድ የተናገረው ቢሆንም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ዕቃው ቶሎ የተበላሸበት ደንበኛ ሁለተኛ ወደ እኛ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም «ከዚያ ቤት አትግዛ» ይላል። በደንብ የሚሠራ ዕቃ የገዛ ሰው ግን ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍት፣ ወይም በድሬዳዋና በሰመራ ቅርንጫፍ ሲያቆም፣ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። እዚያ ማቀዝቀዣ ምቾት ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነ ማጣሪያውን የሚያስተምር ሻጭ ይከበራል። የዛሬውን አንድ ሽያጭ ለነገው አሥር ሽያጭ መተው የንግድ ሀ ሁ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ ታሪክ ራሱ ከንግድ የተነሣ መሆኑን ማስታወስም ደግ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ይህን ዓይነት መሣሪያ የነደፈው ለሰው ምቾት አስቦ ሳይሆን፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በአየሩ እርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ስላልገጠመለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው የተፈጠረው ሸቀጥን ከጥፋት ለማዳን ነበር፤ እኛ በቸልታችን ሸቀጥ የሚያጠፋ ካደረግነው ጥፋቱ የእኛ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የእኛ ቅጠል በመሣሪያው ክዳን ሥር ያለችው መረብ ናት። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ቤቱ ሄዶ ክዳኑን አንሥቶ ቢያይ፣ የእኔ ድካም ዋጋውን አገኘ እላለሁ። እኔም መመሪያውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ዋናውን ነገር በአማርኛ ጽፌ ከማሽኑ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ከሥሩም የታጠበበት ቀን በየሁለት ሳምንቱ ይጻፋል።